በአፍንጫዋ ፊት የሚያልፍ ጥይት

«ነግሬያታለሁ» አለች ሎዌና። «አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። አልሰማ አለችኝ።»

ታምሲን ጆሮዋን አላመነችም። ሁለቱም ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰው የወደቡ ግንብ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የውድድሩ ዳኛ ደብተሩን ከዝናቡ ለመከለል ካፖርቱ ሥር ይዞ ይጽፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ የላንጎር መንደር ልጆች ጓደኛቸውን ደግፈው ከጀልባቸው እያወጡ ነው። ልጅቷ አታለቅስም። ግራ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ የእጇን አንጓ ትክ ብላ ታያለች፤ አንጓው መታጠፍ በሌለበት በኩል ታጥፏል።

«ምንድን ነው የነገርሽኝ?» አለች ታምሲን።

ሎዌና ዞር ብላ አላየቻትም። የምታወራው ለዳኛው ነው። «ላንጎሮች በግራ በኩል እየገቡ ነው ብያታለሁ። መሪውን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ዳኛው ጻፈ። ውሸት ነው፤ ያውም ዓይን ያወጣ። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አብራት አንድ ወንበር ላይ የተማረችው ሎዌና ኪቶ እዚያ ጀልባ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

የእነታምሲን መንደር፣ የፖርትማዊን፣ ልጃገረዶች ጀልባ «ሞርቮረን» ትባላለች። ረጅም የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሰባት ሰው ትይዛለች። ስድስቱ ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ይቀዝፋሉ። ሰባተኛዋ መሪ ያዥ ናት። ከጀልባዋ ኋላ ተቀምጣ፣ ሁለቱን የመሪ ገመዶች ጨብጣ ወደ ፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። ከጀርባዋ የሚመጣውን ግን አታይም። እሱን የምታይላት ጉልበት ለጉልበት ተነካክታ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ግንባር ቀዛፊ ናት። ሌሎቹ አምስቱ ከፊታቸው ያለችውን ልጅ ጀርባ እያዩ ዝም ብለው ይቀዝፋሉ፤ በውድድር ሰዓት ከሁለቱ በቀር አፏን የምትከፍት የለችም። ይሄ በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም። በእንግሊዟ ኮርንዎል የባሕር ዳርቻ ግን ግንባር ቀዛፊ የመሪ ያዧ የጀርባ ዓይን እንደሆነች የማያውቅ ሕፃን የለም።

የተጻፈው ደንብ ሌላ ነው። ሁለት ጀልባዎች ዞረው በሚመለሱበት ቢጫ ተንሳፋፊ፣ መዞሪያው ላይ አንድ ላይ ከደረሱ በውስጥ በኩል ያለው መሪ ያዥ «ውሃ!» ብሎ ይጮኻል፤ በውጪ በኩል ያለው ደግሞ ገለል ብሎ ቦታ ይለቅለታል። የላንጎሯ መሪ ያዥ ጮኻለች። ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ሌላ ወሰደባት። ታምሲን ምንም ሳትሰማ ጀልባዋን ጠበብ አድርጋ ስታዞር መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ተላተመ፤ አንዱ ተሰበረ፤ ከእሱም ጋር መቅዘፊያውን የያዘችው የላንጎር ልጅ አንጓ ተሰበረ።

አሰልጣኛቸው ዴንዚል ሌላውን ቀን ሸርጣን የሚያጠምድ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ነው። ልጆቹን ሁሉ «የኔ ወፍ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ሲቆጣም፣ ሲያሞግስም። ያን ቀን ታምሲንን ወደ ዳር ጠርቶ የጀልባ ክለቡ ኮሚቴ ዓርብ በአስራ ሁለት ሰዓት እንደሚሰበሰብ ነገራት። እስከዚያ ድረስ መሪ አትነካም። ጥፋቱ የእሷ ከተባለ ደግሞ ለዚህ በጋም ለሚቀጥለውም ጀልባ ላይ አትወጣም።

«እሷ ግን እኮ ምንም አላለችኝም» አለችው ታምሲን።

«አለች አላለች ዓርብ እንሰማለን፣ የኔ ወፍ። አሁን ቤትሽ ግቢና ልብስሽን ቀይሪ።»

ታምሲን መቅዘፍ አትችልም። አስም አለባት፤ አስር ደቂቃ ብትቀዝፍ ትንፋሿ ይቆረጣል። ሞርቮረን ላይ ያላት ቦታ ያ የኋላ መቀመጫ ብቻ ነው። እሱን ካጣች ቅዳሜና እሑድ ግንቡ ላይ ቆመው እያጨበጨቡ ከሚያዩት እናቶች አንዷ መሆኗ ነው። ሎዌና ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች። ታምሲንን እሳት ያስጎረሳትም ይኸው ማወቋ ነው።

ቤት ገብታ የጀልባውን ቦርሳ ስትፈታ ካሜራውን አገኘችው። ዴንዚል የልጆቹን አቀዛዘፍ ለማየት ከመሪ ያዧ ጀርባ የሚተክላት ትንሽ ካሜራ ናት። በግጭቱ ጊዜ ጀልባዋ ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ወድቃ ሞታለች፤ ዴንዚልም አይቷት ጣያት ብሏት ነበር። ታምሲን ግን ሚሞሪዋን አውጥታ አደራረቀችና የእናቷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ሚሞሪው አልሞተም።

ድምፁ ነፋስ ብቻ ነው። ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው። የራሷ ኮፍያ ጫፍ፣ ከዚያ የሎዌና ሙሉ ፊት፣ ከሎዌና ጀርባ ደግሞ የሚወዛወዙ ትከሻዎች ይታያሉ። መዞሪያው ሊደርስ ሲል የሎዌና ዓይን ከታምሲን ትከሻ በላይ ቀና አለ። አየች። በደንብ አየች። ከዚያ ዓይኗን መልሳ ታምሲን ላይ ተከለችና ቀዘፈች። ታምሲን እየቆጠረች ተመለከተች። አስራ አንድ ቀዘፋ። አስራ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ፤ አፏ ግን ግጥም እንዳለ ነው። አስራ ሁለተኛው ላይ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ።

ታምሲን አራት ጊዜ ደጋግማ አየችው። በአራተኛው ላይ ጥርሷን እያፋጨች እንደሆነ ልብ አለች።

ሞርቮረን የስልክ ግሩፕ አላት። ቀዛፊዎቹ፣ ወላጆቻቸው፣ ኮሚቴው፣ ሁሉም አለበት። ታምሲን ቪዲዮውን ወደ ስልኳ አሻግራ ሥሩ «ሁለቴ ነገርኳት ትላለች፤ እስቲ ቁጠሩላት» ብላ ጻፈችና ላከችው። የመንደሩ ኢንተርኔት ግን እንደ ወትሮው ነበር። ሰላሳ በመቶ፣ ሃምሳ በመቶ፣ ሰማንያ ሦስት በመቶ፤ እዚያ ላይ ቀጥ አለ። ስልኩን ወደ ላይ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። አልሄደም። ሰርዛው ቁጭ ስትል የተሻለ ሐሳብ መጣላት።

ዓርብ። ሎዌና መጀመሪያ ትናገር። በኮሚቴው ፊት፣ በዴንዚል ፊት፣ በላንጎሯ ልጅ ፊት ያንን ውሸቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታውራው። ጨርሳ ስትቀመጥ ነው ታምሲን ላፕቶፑን የምትከፍተው። ይሄን ስታስብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ ብላ የቀዘቀዘ የሥጋ ፓስቲዋን በላች።

ሳምንቱን ሙሉ ዝም አለች። ሎዌና አውቶቡስ ላይ ከፊት ተቀመጠች፣ ታምሲን ከኋላ። ሌሎቹ ቀዛፊዎች ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ግራ ገብቷቸው መሐል ላይ ተጨናነቁ። አንዷ ሎዌና አጠገብ ሄዳ ታምሲን ላይ ሙድ ስትይዝ፣ እንደ መሪ ያዥ ገመድ እየሳበች በአፏ ደግሞ «ጓ» ስትል፣ ጥቂቶች ሳቁ። ታምሲን በልቧ ዓርብን እየቆጠረች ነበር፤ ሎዌናን ግን ስትስቅ አላየቻትም።

ረቡዕ ዕለት የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ሚስ ኦድጀርስ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ክፍል ገቡ። ቆርቆሮው ውስጥ የተጣጠፉ ወረቀቶች አሉ፤ በየወረቀቱ ላይ ሰዎች ጠብ ሲመጣ የሚሏቸው አባባሎች ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ያወጣል። ትርጉሙን፣ የመጣበትን፣ ከዚያም ከራሱ ሕይወት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ አንዱ እሱ ያደረገው፣ ሁለተኛው በእሱ ላይ የተደረገ።

ለታምሲን የደረሳት «በአፍንጫዋ ፊት ጥይት መተኮስ» የሚለው ነበር። ይሄ አልከበዳትም። ወደብ ላይ ያደገች ልጅ ናት። የመርከብ አፍንጫ ማለት ፊተኛው ጫፏ ነው። ድሮ የጦር መርከብ ሌላ መርከብ ማስቆም ሲፈልግ መድፉን ከአፍንጫዋ ፊት ባለው ውሃ ላይ ይተኩሳል። ዛሬ ደግሞ ሰው ጠብ ሳይጀመር ለሌላው «ተጠንቀቅ» የሚልበትን ቃል ወይም ደብዳቤ እንዲህ ይሉታል። ይህን ሁሉ ጻፈች። ቀጥላ የራሷን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ እጇ ፈጠነ። «አንዲት ልጅ ጓደኛዋ ውሸቷን በሰው ሁሉ ፊት ተናግራ እስክትጨርስ ጠብቃ ማስረጃውን አወጣችባት፤ በአፍንጫዋ ፊትም ተኮሰችባት።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ባዶ ተወችው። ማንም ተኩሶባት አያውቅም።

ሐሙስ ደወል ሲደወል ሚስ ኦድጀርስ ጠሯት። ወረቀቷ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ታሪኩ ጥሩ ነው» አሉ። «አባባሉን ግን ያለ ቦታው ነው የተጠቀምሽበት።»

«ትርጉሙን በትክክል ጽፌዋለሁ፣ ሚስ።»

«ትርጉሙንማ ጽፈሻል። ይሄኛው ግን መምታት ነው። የማስጠንቀቂያው ጥይት መርከቧን አይነካም። አጠገቧ ያልፋል፣ እሷም ታየዋለች፣ ከዚያ ለመዞር ጊዜ ይኖራታል። ያንቺ ልጅ ለጓደኛዋ ጊዜ ሰጥታታለች?»

«ጊዜ አይገባትም።»

ታምሲን ይሄን ያለችው ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ ነው። ሚስ ኦድጀርስ ቀና ብለው አዩዋት፤ ማን ናት ብለው ግን አልጠየቁም።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «እንደዚያ ከሆነ ሌላ አባባል ፈልጊላት፣ ሞልቷል። ይሄኛው ላንቺ ታሪክ አይሆንም። ሁለተኛውን ደግሞ አልጻፍሽም። ላንቺ የተተኮሰልሽን።»

«የለኝም።»

«ወይ የለሽም፣ ወይ አላየሽውም። ሰኞ ይድረሰኝ።»

ታምሲን በንዴት ወረቀቱን ጨብጣ ወጣች። የሰው ነገር የማያውቁ፣ እዚያ ጀልባ ላይ ያልነበሩ፣ የማንም እጅ ሲሰበር ያላዩ ሴትዮ ስለ ጊዜ መስጠት ሊያስተምሯት ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ወደ ቤት አልሄደችም። ወደቡ ጫፍ ላይ አፏ ወደ ታች የተቀበረች አሮጌ መድፍ አለች፤ ጀልባ ይታሰርባታል። ታምሲን እሷ ላይ ተቀመጠች። ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ላፕቶፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አውጥታ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው፤ ንዴቷ እንዳይበርድባት ፈልጋ ነው። ጣቷ ግን ሳታስበው ከመዞሪያው በፊት ወዳለው ቦታ መለሰው።

እዚያ ላይ የታምሲን ኮፍያ ወደ ፊት ዘንበል ይላል። የሆነ ነገር እየተናገረች ነው። የሎዌና ፊት በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በቁጣ አይደለም። መብራት እንደጠፋበት ቤት ጭልም አለ።

ታምሲን ያለችውን አስታወሰች። ማስታወስ አልፈለገችም፤ ግን አስታወሰች። «ቅዘፊ እንጂ፣ አንቺ ጉንዳን» ነበር ያለቻት።

ኮርንዎል ውስጥ በበጋ እየመጡ መንገዱን፣ አሸዋውን፣ ዳቦ ቤቱን የሚሞሉትን እንግዶች ጉንዳን ነው የሚሏቸው። እንግዳን ጉንዳን ቢሉት ቀልድ ነው። የአገሩን ሰው ግን እንደዚያ ማለት ከዚህ አይደለህም ማለት ነው። የሎዌና አባት በመጋቢት ወደቡ ላይ የነበረውን ቤታቸውን ለእንግዶች ሸጧል። አራት ትውልድ የተወለደበት ቤት አሁን በዓመት አርባ ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በሩን ግራጫ ቀብተውታል። ኪቶዎች ኮረብታው አናት ላይ ወዳሉት አዳዲስ ቤቶች ወጡ። ታምሲን ከዚያ ጀምሮ ሎዌናን ጉንዳን ትላታለች። ለቀልድ ነው። መሪ ያዥ ቀዛፊዎቿን መተረብ አለባት፤ ሁሉም ይስቃል፤ ሎዌናም መጀመሪያ ላይ ስቃለች።

እሑድ ጠዋት ግን አልሳቀችም። ጀልባዋን ተሸክመው ወደ ውሃው ሲወርዱ ሎዌና በወዲያኛው በኩል ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረችው ለታምሲን ትዝ አላት። «ዛሬ ያንን ቃል ከደገምሽው ብቻሽን ነሽ» ብላት ነበር። ታምሲን «አቦ ተይኝ፣ ፋራ» ብላ ስቃ አለፈችው።

ብቻሽን ነሽ። ጀርባዋን የሚያይላት ሰው እንደሌለ ያን ጠዋት፣ ገና ውሃ ሳይነኩ ተነግሯታል። ጥይቷ አፍንጫዋን ታክካ ነበር ያለፈችው፤ እሷ ግን ሳቀች፣ ከዚያም ቃሉን ደገመችው።

ታምሲን ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ይሄ ንዴቷን አላበረደውም። እንዲያውም ጨመረው፤ አሁን የምትናደድባቸው ሰዎች ሁለት ሆነዋላ፣ ሎዌናና ራሷ። ምንም ብትላት ምን፣ ያቺ የላንጎር ልጅ ማንንም ጉንዳን አላለችም። አስራ አንድ ቀዘፋ ዝም ማለት ሌላ ነው። ሁለቴ ነግሬያታለሁ ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። መድፏን በተረከዟ መታቻት፤ ያመመው ግን ተረከዟን ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ ኮረብታውን ወጣች። ዳገቱ ለአስም አይመችም፤ ሁለት ጊዜ ቆማ መድኃኒቷን ሳበች። አስር ሰዓት ሲሆን የኪቶዎችን በር አንኳኳች። ሎዌና ካልሲ ብቻ አድርጋ ከፈተችላት። ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ ከመጋቢት ጀምሮ ያልተፈቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቪዲዮ አለኝ» አለች ታምሲን። ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም። «ካሜራው ነው የሞተው፤ ሚሞሪው ይሠራል። ፊትሽ ይታያል። አስራ አንድ ቀዘፋ ነው።»

የሎዌና ጆሮ ቀላ።

«አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እከፍተዋለሁ» አለች ታምሲን። «ሁለት ሰዓት አለሽ።»

«ልታስፈራሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

ሎዌና ይሄንን አልጠበቀችም። በሩን ሊዘጋ የተዘጋጀው እጇ እዚያው ቆመ። «ለምን ዝም ብለሽ እዚያው ጉድ አላደረግሽኝም?»

«ላደርግሽ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል።» ታምሲን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረች። «እሑድ ጠዋት ግን አንቺ ነግረሽኝ ነበር። ብቻሽን ነሽ አልሽኝ።»

«አልሰማሽኝም።»

«ሰምቼሻለሁ። የምርሽን አልመሰለኝም።»

ሎዌና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ሲታመቅ የቆየ ነገር ነበርና አንዴ ሲከፈት በችኮላ ወጣ። ልትነግራት እንደነበረ ተናገረች። አንድ ቀዘፋ ብቻ ልቆይ ብላ ነበር፤ ትንሽ ደንገጥ ትበል ብላ። ከዚያ ሌላ አንድ። ከዚያ አፏ እንቢ አላት። ታምሲን በራሷ ጊዜ ዞር ብላ የምታይ፣ የሆነ ነገር የምትሰማ መስሏት ነበር። ዳኛው ሲጠይቃት ደግሞ ያቺን አንጓ እያየች ነበር፤ ዝም ነው ያልኩት ማለት አልቻለችም። «እኔ ነኝ የሰበርኳት ማለት ነው እኮ» አለች። ወዲያው ግን ተነስታ ፊቷን አጠነከረች። «አንቺስ? ሦስት ወር ሙሉ። በየቀኑ። እናቴ ባለችበት ሳይቀር። ሂጂልኝ፣ ታምሲን። የፈለግሽውን ክፈቺ።»

በሩ ተዘጋ። ታምሲን በሎዌና እናት ፊት እንደዚያ ያለቻት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አልታወሳትም። እንዲያ ሆኖ ግን ውሸት እንዳልሆነ አወቀች፤ ከሁሉም ይሄኛው አቃጠላት።

ከጀልባ ማቆያው በላይ ያለችው የኮሚቴ ክፍል የቀለምና የእርጥብ ገመድ ሽታ አላት። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረዋል፣ ዴንዚል ከዳር። የላንጎሯ ልጅ ጄሶ የተደረገበትን እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከእናቷ ጋር በአንዱ ግድግዳ በኩል ተቀምጣለች። በሌላው ግድግዳ ባለው አግዳሚ ላይ አምስቱ ቀዛፊዎች ከነወላጆቻቸው ተጨናንቀዋል። ታምሲን ጫፉ ላይ ናት፤ ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ፣ ቦርሳዋ አጠገቧ።

ሎዌና የለችም።

ዴንዚል ሰዓቱን አየ። አምስት ደቂቃ እንጠብቅ አሉ፤ ጠበቁ። ሌላ አምስት ደቂቃ ጨመሩ። የላንጎሯ ልጅ እናት እግሯን እያነሳች መጣል ጀመረች። ሊቀ መንበሯ መነጽራቸውን አስተካክለው የዳኛውን ወረቀት አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ የሚለውንም ጭምር። ክፍሉ ዞሮ ታምሲንን አያት። የላፕቶፑ ክዳን በጣቶቿ ሥር ሞቋል። ማንሳት ብቻ ነው የቀራት። ሰዓቱ አልፏል፤ ማስጠንቀቂያውን ሰጥታለች፤ አሁን ብትመታ ሚስ ኦድጀርስ እንኳ ቀይ መስመር አያሰምሩባትም።

«ታምሲን፣ የኔ ወፍ» አለ ዴንዚል። «የምትይው ካለሽ አሁን ነው።»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተና ሎዌና ገባች። ኮረብታውን ሮጣ ነው የወረደችው፤ ጫማዋን እንኳ አላሰረችም። እናቷ ከኋላዋ አለች። ሎዌና የምትቀመጥበትን ስትፈልግ ክፍሉን ዞራ አየች። ባዶ ቦታ አልነበረም። ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጫማቸውን አዩ።

ታምሲን አልሳቀችላትም። ገና ተናዳለች፤ ነገም የምትናደድ ይመስላታል። ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንስታ እግሯ ሥር አስቀመጠችና ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ሎዌና መጥታ ተቀመጠች። ጉልበታቸው ተነካካ።

«እንግዲህ ሁላችሁም አላችሁ» አሉ ሊቀ መንበሯ። «ከመዞሪያው እንጀምር። ማን ይናገራል?»

ሎዌና አፏን ከፈተች። ታምሲን ቀደመቻት። ላፕቶፑን ሳትከፍት አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

«ከመዞሪያው አይደለም የሚጀምረው» አለች። «ከጠዋቱ ነው። እኔ ካልኩት ነገር።»